ውሃ በአዲስ አበባ ስለምን ቶሎ ይፈላል?

ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ባቄላ አስጥዶ ሲጠብቅ፣ ውሃው ወዲያው ቢንተከተክም እህሉ ግን አልበስል ቢለው፣ ምክንያቱን በከሰሉ ወይም በእህሉ ላይ ያደርጋል። የቤቱ እመቤትም ወጥ ቤቷን ትቆጣ ይሆናል። ጥፋቱ ግን የማንም አይደለም፤ በላያችን የተጫነው አየር ክብደቱ ስለ ቀለለ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት አስቀድሞ ጋዝ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በእኛ አገር ጋዝ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በፋኖስ የሚቀዳውን ነጭ ጋዝ ነው፤ እርሱ ግን ፈሳሽ ነው። የተፈጥሮ መርማሪዎች ጋዝ የሚሉት እንደ አየርና እንደ እንፋሎት ያለውን፣ የራሱ ቅርጽ የሌለውን፣ የገባበትንም ዕቃ ሁሉ የሚሞላውን ነገር ነው። ይህም በዓይን ከማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች የተሠራ ነው። በቢሮአችሁ ውስጥ ያለው አየር ጸጥ ያለ ቢመስልም፣ ቅንጣቶቹ በሴኮንድ 500 ሜትር ያህል እየከነፉ እርስ በርሳቸውና ከግድግዳው ጋር ሳያቋርጡ ይጋጫሉ። ግፊት የምንለው የዚህ ግጭት ድምር ነው። ሙቀት ሲጨመር ፍጥነታቸው ይበዛል፤ ሲቀነስም ያንሳል።

የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ሮበርት ቦይል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1662 እንደ ገለጠው፣ ሙቀቱ ሳይለወጥ በአንድ ጋዝ ላይ የሚጫነው ግፊት እጥፍ ቢሆን የጋዙ ይዘት በግማሽ ይቀንሳል። ፈረንሳዊው ጌ ሉሳክ ደግሞ በ1802 ስለ ጋዞች በሙቀት መስፋት የመረመረውን አሳተመ። በዛሬው ልክ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ሲል፣ ጋዙ በዜሮ ዲግሪ ከነበረው ይዘት ከ273 እጅ አንድ እጅ ያህል ይሰፋል። መስፊያ ቦታ ካጣ ግን የሚጨምረው ግፊቱ ነው። የዝንብ መግደያ መድኃኒት የነበረበት ቆርቆሮ ባዶ ቢመስልም እሳት ውስጥ ሲጣል የሚፈነዳው በዚህ ምክንያት ነውና፣ በግቢ ውስጥ ቆሻሻ የሚያቃጥሉትን ሁሉ ማስጠንቀቅ ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ሙቀትና ሥራ ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው መንፊያው በእጁ ውስጥ ሲሞቅ ሳያስተውል አይቀርም። የክንዱ ድካም አየሩን ሲያምቀው ወደ ሙቀት ስለ ተለወጠ ነው፤ ሰበቃው የሚጨምረው ጥቂት ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ ዓመታት፣ ወደ ታች በሚወርድ ክብደት ውሃ ውስጥ መቅዘፊያ እያዞረ፣ ይህን ልውውጥ በልክ አሳየ። የዚህ ተቃራኒ በወጥ ቤታችን አለ። በሲሊንደር የሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ በውስጡ ታምቆ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሙቀትን ከብረቱ ስለሚወስድ ሲሊንደሩ ይቀዘቅዛል። በረደ ብሎ በፍም ወይም በፈላ ውሃ ሊያሞቀው የሚነሣ ሰው፣ ግፊቱን በገዛ እጁ እያሳደገ መሆኑን ይወቅ።

አሁን ወደ ባቄላው እንመለስ። ውሃ የሚፈላው የራሱ እንፋሎት ግፊት ከላይ የተጫነውን የአየር ግፊት ሲተካከል ነው። አየሩም ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀላል። ይህንን በ1648 ያረጋገጠው የፓስካል የእኅቱ ባል ፍሎረን ፔሪዬ ነው፤ የባዜቃ ቱቦ ይዞ ፑይ ደ ዶም የተባለውን የፈረንሳይ ተራራ ሲወጣ ባዜቃው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለ። በባሕር ዳርቻ 76 ሳንቲ ሜትር የሚቆመው ባዜቃ፣ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ግድም ከፍ ባለችው አዲስ አበባ 57 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይቆማል። ስለዚህ በጅቡቲ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ በድሬዳዋ በ96፣ በአዲስ አበባ በ92፣ በራስ ዳሽን ጫፍ ደግሞ በ85 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውሃው ቶሎ ቢፈላም የፈላው በአነሰ ሙቀት ነውና ባቄላውን ለማብሰል ረዥም ጊዜ ይፈጃል። ከሰል መጨመርም አይረዳም፤ የፈላ ውሃ እሳቱ ቢበረታበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። (ይህን ሳያውቁ ስንት ጆንያ ከሰል በከንቱ እንደሚነድ እግዜር ይወቀው!) የመጠጥ ውሃን በተመለከተ የጤና ባለሙያዎች፣ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት ይላሉ፤ በቆላ 1 ደቂቃ ይበቃል።

ለዚህ ችግር መድኃኒቱን ያገኘው ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን ነው። በ1679 ክዳኑ ጠብቆ የሚታሰር ድስት በሎንዶን ለሊቃውንት አሳየ፤ እንፋሎቱ በውስጡ ታፍኖ ግፊቱ ስለሚያድግ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። እንዳይፈነዳም ክብደት የተጫነበት ማስተንፈሻ አበጀለት። ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት የእርሱ ልጅ ነው። ማስተንፈሻው በሽሮ ወይም በምስር ገለፈት ከተደፈነ ግን ድስት መሆኑ ቀርቶ ቦምብ ይሆናልና ከመጣዱ በፊት ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ያስፈልጋል። ከእሳት እንደ ወረደ በግድ መክፈትም አደገኛ ነው፤ ከመፍያው በላይ የሞቀው ውሃ ግፊቱ በድንገት ሲነሣለት ከፊሉ ባንድ ጊዜ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትን ይልጣል።

በሐኪም ቤት የቀዶ ጥገና መሣሪያ የሚጸዳበትም ዕቃ በዚሁ ሥርዓት የሚሠራ ነው። ሙቀቱ 121 ዲግሪ እንዲደርስ በባሕር ዳርቻ አገር የግፊት መለኪያው 1 አትሞስፌር ያህል ቢያሳይ ይበቃል። መለኪያው የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ የእኛ የውጭ አየር ደግሞ የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ነው። በዚሁ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ቢቆም ሙቀቱ 116 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀራል፤ የማይሞት ተሐዋስያንም በመሣሪያው ላይ ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው የራሱ የሙቀት መለኪያ ካለው ሠራተኛው በእርሱ ይመራ፤ ከሌለው ግን የግፊቱ መርፌ አንድ ከሩብ እስኪያልፍ ድረስ ሰዓት መቁጠር አይጀምር።