«ብዛት» እና «አንድ መዋቅር»፤ ስለ ሁለት የሒሳብ ቃላት አተረጓጐም

በሒሳብ «ቡድን» ሲባል ማናቸውም ስብስብ ሳይሆን፣ አባላቱ በተወሰኑ ሕግጋት የሚጣመሩበት ስብስብ ነው። የአባላቱን ቁጥር የሚያመለክተውን የእንግሊዝኛ ቃል «ቅደም ተከተል» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው፤ «ማዕረግ» ቢባልም በቦምቤ አፉን በወላይትኛ የፈታ ተማሪ የሚያስበው ወታደርን ነው። «የአባላት ብዛት» የሚለው ይበቃል።

ዋናው ችግር ሌላ ነው። ባለ 4 አባላት ቡድን ስንት ነው? ስም ስሙን ብንቈጥር መጨረሻ የለውም፤ መዋቅሩን ብንቈጥር ግን 2 ብቻ ነው። አራት ማዕዘን ረከቦትን በሩብ ዙር ማዞር አንደኛው ነው፤ የሁለት መብራቶችን ማብሪያ መቀያየር ሁለተኛው ነው። በሁለተኛው ማናቸውም ድርጊት ሲደገም ራሱን ይሽራል፤ በአንደኛው ሩብ ዙር ሲደገም ግማሽ ዙር ይሆናል እንጂ አይሻርም።

ስለዚህ «ኢሶሞርፊክ» የሚለውን «አንድ መዋቅር ያላቸው» እንበለው። «እኩል» ብንል፣ ሁለቱም 4 አባላት ስላሏቸው አንባቢ ይሳሳታል።

ኬይሊ በ1854 እ.ኤ.አ. በጀመረው በዚህ ቈጠራ ባለ 8 አባላት 5፣ ባለ 16 አባላት 14፣ ባለ 1024 አባላት 49,487,367,289 ናቸው። ተርጓሚው «አንድ መዋቅር ያላቸው እንደ አንድ ሲቈጠሩ» የሚለውን ሐረግ ከዘለለ ግን እነዚህ እውነቶች ሁሉ ሐሰት ይሆናሉ።