ቢላዋችሁ ስንት ቁጥር ድንጋይ ይፈልጋል?

ለበዓል ክትፎ ልትከትፉ ስትሉ ቢላዋው እምቢ ብሏችሁ ያውቃል? ፉትስክሬይ እኔ ወጥ ቤት ውስጥ እጃቸውን ሲቆረጡ ያየኋቸው በደነዘ ቢላዋ ነው። ሲደነዝ እንጫነዋለን፣ ስንጫነው ይንሸራተታል።

መሳያ ድንጋይ ስትገዙ ቁጥሩን እዩ። ቁጥሩ ሲያንስ ሻካራ፣ ሲበዛ ለስላሳ ነው። ስለቱ ከተሸረፈ 400፣ ከደነዘ 1000፣ ለማለስለሻ ከ3000 እስከ 6000። ለቤት አንድ ብቻ ከሆነ 1000ው ይበቃል።

ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ከሆነ አረፋው እስኪያቆም ዘፍዝፉት። ቢላዋውን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አጋድማችሁ፣ ማዕዘኑን ሳትለውጡ ሁለቱንም ጎን እኩል ሳሉ። ቲማቲም ሳትጫኑት ከቆረጠ፣ በቃ፣ ተስሏል።

ልጆች፣ የእናንተ ሥራ ቲማቲም ማቀበል ነው! ወላጆችም የተሳለ ቢላዋ የሳሙና ውሃ ውስጥ አትተዉ፤ እጅ የሚገባው ሳያይ ነው።