የሚዩራ ገበና

ጠጋ በሉማ፤ ይህ በአደባባይ ጮክ ተብሎ የሚወራ ጉዳይ አይደለም። በ1966 መጋቢት ወር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጄኔቫ ላይ በተከፈተው የመኪና ትርኢት ሚዩራ የምትባል አንዲት ብርቱካናማ መኪና ቆማ ነበር። ከመሬት እስከ ጣሪያዋ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ፤ ግንባሯ ዝቅ ያለ፣ ወገቧ ቀጭን፣ ዳሌዋ ሙሉ። ጋዜጠኞች ከበቧት። አይተው ሲጠግቡ ደግሞ ሞተሯን ካላየን አሉ። የሠሪዋ የላምቦርጊኒ ኩባንያ የሽያጭ ኃላፊ ኡባልዶ ስጋርዚ የጠየቀውን ሁሉ እየመለሰ አሰናበተ። የኋላ ክዳኗ ትርኢቱ እስኪያልቅ ድረስ እንደተቆለፈ ቀረ።

ምክንያቱን የሚያውቁት የቤት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሞተር አልነበራትም። ቦዲው የደረሰው በመጨረሻው ሰዓት ስለሆነ መሐንዲሶቹ ሞተሩ ገብቶ መግጠም አለመግጠሙን ለማየት እንኳ ጊዜ አላገኙም። ስለዚህ በሞተሩ ቦታ ክብደት ጭነውባት፣ ቆልፈው፣ ሆድ ይፍጀው ብለው አመጧት። ዘዴውም አዲስ አልነበረም። በ1963 ቱሪን ላይ የኩባንያው የበኩር ልጅ 350 ጂቲቪ ስትታይ ሞተሩ ከኮፈኗ ሥር አልገባ ብሎ ጉዱ የታለፈው በዚያው መንገድ ነበር።

ይህን ያነሳሁት ለሐሜት ብቻ አይደለም። በዚህ ሙያ ውስጥ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚንሾካሾኩት፣ ለገዢ ግን የማይነግሩት አንድ ነገር አለ። ሚዩራ ለሽያጭ ስትቀርብ ገና አላለቀችም ነበር። የጨረሷት የመጀመሪያዎቹ ገዢዎቿ ናቸው፤ በገንዘባቸው፣ አንዳንዴም በነፍሳቸው ተወራርደው።

ነገሩ የተጠነሰሰው ከሥራ ሰዓት ውጭ ነው። ባለቤቱ ፌሩቾ ላምቦርጊኒ በትራክተር የከበረ ሰው ነበር። በ1963 ቦሎኛ አቅራቢያ ሳንታጋታ በምትባል ትንሽ ከተማ የመኪና ፋብሪካ ሲከፍት ያሰበው ፈጣን ግን ምቹ የሆነች፣ ለረጅም መንገድ የምትመች የጌታ መኪና ለመሥራት ነበር። ለመኪና ውድድር ፍላጎት አልነበረውም። ከሥሩ የነበሩ ሦስት ጎረምሶች ግን የሚያብሰለስሉት ሌላ ነው። ሁለቱ በ1936 የተወለዱ መሐንዲሶች ናቸው፦ ጃን ፓኦሎ ዳላራና ፓኦሎ ስታንዛኒ። ሦስተኛው ቦብ ዋላስ የሚባል የኒውዚላንድ ተወላጅ የሙከራ ሹፌር ነው። ሦስቱም ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። እነ ፎርድ ጂቲ40 እና ፌራሪ 250 ኤልኤም ሞተራቸውን ከሹፌሩ ጀርባ ተሸክመው በውድድር ሜዳ ሲከንፉ አይተዋል። ይህ ነገር ታርጋ ለጥፎ አስፋልት ላይ ቢወጣ ምን ይለዋል? አሉ፤ እያመሹም ይሥሉት ጀመር። ፌሩቾ በመጨረሻ እሺ ያላቸው ብዙ ይሸጣል ብሎ ሳይሆን ለኩባንያው ስም ማስታወቂያ ይሆናል ብሎ ነው።

ችግሩ ሞተሩ ነበር። ጆቶ ቢዛሪኒ የነደፈው ባለ 12 ሲሊንደሩ ሞተር ወደ 3,929 ሲሲ አድጓል፤ ረጅም ነው። ከሹፌሩ ጀርባ በቁመቱ አጋድመው ካምቢዮውን ከኋላው ቢቀጥሉበት መኪናዋ ልክ ታጣለች። ስለዚህ ሞተሩን በጎኑ አዞሩት፤ ከግራ ጎማ ወደ ቀኝ ጎማ። ሐሳቡን በ1959 እንግሊዛዊቷ ትንሿ ሚኒ በአራት ሲሊንደር አሳይታለች፤ እነዚህ ልጆች በ12 ሲሊንደር ደፈሩት። ካምቢዮውንም ከሞተሩ ጋር በአንድ ቅርጽ አፈሰሱት። በዚህ ብልሃት ያ ሁሉ ጉልበት ከሁለቱ መቀመጫዎችና ከኋላ ጎማዎቹ መካከል ባለች ጠባብ ቦታ ተጠቅልሎ ገባ። ዛሬ በፎቶ አይታችሁ የምትደነቁበት ያ አጭር፣ የተሰበሰበ የኋላ አካል የመጣው ከሠዓሊ እርሳስ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ውሳኔ ነው።

ገበናውም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ሞተርና ካምቢዮ አንድ ቤት ሲጋሩ ዘይቱንም ተጋሩ። ማንኛውም መካኒክ እንደሚነግራችሁ የሞተር ፍላጎትና የጥርሶች ፍላጎት ለየቅል ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዘይት ማሳደር ቡናና ሽሮ በአንድ ጀበና እንደማፍላት ነው። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ከጥርሶቹ የሚፋቀው የብረት ብናኝ በዚያው ዘይት ተሳፍሮ ወደ ሞተሩ አንጀት ይዞራል። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ሠሪዎቹም ያውቁት ነበር። ግን ትርኢት ደርሷል፣ ትእዛዝ እየጎረፈ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ልብስ ስፌቱ እንሂድ። በኅዳር 1965 ቱሪን ትርኢት ላይ ላምቦርጊኒ ያቀረበው መኪና ሳይሆን አጥንት ነበር፤ ክብደት እንዲቀንስ በየቦታው የተበሳሳ የላሜራ ሻንሲ፣ ሞተሩን በጎኑ ይዞ። ቦዲ አልነበረውም። ከዚያ በፊት ቦዲ ይሠራለት የነበረው የሚላኑ ቱሪንግ በገንዘብ ችግር ተይዞ ነበር። ሥራውን ኑቾ ቤርቶኔ ወሰደው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው አራት ወር ነው። በአራት ወር ከባዶ ወረቀት ተነስቶ በመብራት ሥር እስከምትቆም መኪና ድረስ መድረስ ዛሬ በኮምፒውተር ዘመን እንኳ የማይታሰብ ነው።

ማን ሣላት? ይህ በጣሊያን የመኪና ንድፍ ሰፈር የግማሽ ክፍለ ዘመን ሹክሹክታ ነው። መዝገቡ ማርቼሎ ጋንዲኒ ይላል፤ ያኔ 27 ዓመቱ ነበር፣ ቤርቶኔ ዘንድ ገና መግባቱ። እሱ የተካው ግን ጆርጄቶ ጁጃሮን ነው፤ ጁጃሮ በ1965 ወደ ጊያ ሲሄድ ወረቀቶቹ እዚያው ቀርተዋል፣ ሚዩራም ከእነሱ ውስጥ ነው የተወለደችው የሚሉ አልጠፉም። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዓመትና በአንድ ወር፣ በነሐሴ 1938፣ በዚያው በፒየሞንቴ ምድር መወለዳቸው ወሬውን ሳያጣፍጠው አልቀረም። ጋንዲኒ በ2024 አረፈ። ከሚዩራ በኋላ ኩንታሽንና ላንቻ ስትራቶስን የመሰሉ መኪኖች በእጁ ስለወጡ፣ ያ እጅ ሚዩራንም መሣል ይችል እንደነበር የሚጠራጠር ብዙ የለም።

ዝርዝሮቿን በቅርብ ስታዩ ግን ጥድፊያውንም ብልሃቱንም አንድ ላይ ታገኛላችሁ። እነዚያ ዓለም ያበደላቸው የፊት መብራቶች ከፊያት 850 ስፓይደር የተወሰዱ ናቸው፤ ከተራ ሰው መኪና። ሲጠፉ ተኝተው ወደ ሰማይ ያያሉ፣ ሲበሩ ቀና ይላሉ። ጋንዲኒ በዙሪያቸው ጥቁር ሽፋሽፍት ሲደረድርላቸው ከፊያት መምጣታቸውን ማንም ረሳው። የበሩን መክፈቻ ፈልጉት፤ ከበሩ ጀርባ አየር በሚገባበት ጥቁር ርብራብ ውስጥ ተደብቋል። የቤንዚኑ መሙያም ከፊት ኮፈን ላይ ካሉት የአየር ክፍተቶች በአንዱ ሥር ነው። በኋላ መስታወት ፈንታ የተደረደሩት ጥቁር ርብራቦችም ለጌጥ አልተቀመጡም፤ ከሥራቸው ያለው ሞተር ሙቀቱን የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። ዋጋውን ግን ሹፌሩ ይከፍላል፤ ወደኋላ ሲያይ የሚያየው አስፋልቱን ሳይሆን ርብራቡን ነው፣ ከጭንቅላቱ ጀርባ ደግሞ በአንድ መስታወት ብቻ የተለዩት 12 ሲሊንደሮች ያገሳሉ።

አሁን ስለ ሩጫዋ። የመጀመሪያዋ ሚዩራ፣ ፒ400፣ በደቂቃ 7,000 ዙር ላይ 350 የፈረስ ጉልበት ታወጣ ነበር፤ በሰዓት ወደ 280 ኪሎ ሜትር ትደርሳለች። በዘመኑ መንገድ ላይ ይህን የሚያደርግ መኪና በጣት የሚቆጠር ነው። ሻጩ እዚህ ላይ ያቆማል። ከሻጩ በኋላ ያለውን እኔ ልንገራችሁ።

የቤንዚኑ ታንክ ያለው ከፊት ነው። ሞልቶ ሲነሱ ግንባሯ ከባድ ስለሆነ መሬት ትይዛለች። ቤንዚኑ እየተቃጠለ በሄደ ቁጥር ግን ከፊት ክብደት ይቀንሳል፤ ያ ውብ፣ ዝቅ ያለ ግንባር ደግሞ በከፍተኛ ፍጥነት አየሩ ከሥሩ ገብቶ ያነሳዋል። መሪው እጅ ላይ ይቀላል። በ250 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ የመሪ መቅለል ምን ማለት እንደሆነ መንዳት የሚችል ሁሉ ይገባዋል።

ሁለተኛው እሳት ነው። ከላይ የተደረደሩት አራት ባለ ሦስት ጉሮሮ ዌበር ካርቡራተሮች የውድድር ዝርያ ናቸው፤ ነዳጅ ተረግጦ እንዲሮጡ እንጂ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመው አረንጓዴ እንዲጠብቁ አልተሠሩም። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ቤንዚን ተርፎ ሊፈስ ይችላል፤ ከሥር የሚጠብቀው ደግሞ የጋለ ብረት ነው። በዚህ ምክንያት የነደዱ ሚዩራዎች ጥቂት አይደሉም። ዛሬ አንዷን ለመግዛት የሚሄድ ብልህ ሰው ከቀለሟ በፊት የቤንዚን መስመሯን የሚመረምረውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው አጥንቷ ነው። የመጀመሪያዎቹ 125 ገደማ መኪኖች ሻንሲ የተሠራው 0.9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ላሜራ ነው። ለዚያ ሁሉ ጉልበት ሳስቶ ስለተገኘ ከዚያ በኋላ ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ወፈረ። ስለዚህ ጉዳይ ማስታወቂያ አልወጣም፤ መስመሩ ላይ የምትቀጥለዋ መኪና ዝም ብላ ጠንክራ ወጣች።

ቦብ ዋላስ ይህን ሁሉ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ የሚነዳት እሱ ነዋ። በ1970 ጆታ የምትባል አንዲት መኪና ሠራ፤ ለውድድር ደንብ ታስባ ክብደቷ እጅግ የቀነሰ፣ ጉልበቷ ወደ 440 የተጠጋ። ከጉልበቱ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው። ታንኩን ከፊት አንስቶ ከበሮቹ ሥር ባሉት ሁለት ጎኖች ከፋፈለው፣ ከአገጯ ሥርም አየር የሚያግድ ክንፍ አበጀላት። ይህ ዝም ብሎ የተሠራ መኪና አይደለም፤ ለአለቆቹ የተጻፈ የስህተት ዝርዝር ነው። ፌሩቾ ወደ ውድድር አልገባም አለ፣ መኪናዋ ተሸጠች፣ በ1971 ተጋጭታ ነደደች። ከብረቷ ይልቅ ትምህርቷ ቀረ።

ላይ ላዩን ግን ዝናዋ ማደጉን አላቆመም። በ1969 የወጣው «ዘ ኢጣሊያን ጆብ» ፊልም መክፈቻ ላይ በታላቁ ቅዱስ በርናርድ የአልፕስ መተላለፊያ ብርቱካናማ ሚዩራ ስትከንፍ ቆይታ ዋሻ ውስጥ ገብታ ትጋጫለች፤ ስብርባሪዋም ገደል ይወረወራል። ያለቀሱ ተመልካቾች አሉ። እንባው ግን በከንቱ ነበር፤ ገደል የገባችው ቀድሞውኑ ተጋጭታ የተበላሸች ሌላ ሚዩራ ናት። የሮጠችው በሰላም ተመልሳ ተሸጠች፣ በ2019 ደግሞ ራሱ ላምቦርጊኒ መዝገቡን መርምሮ እውነተኛዋ ይህች ናት ብሎ መሰከረላት።

ጥገናውስ? በየተራ መጣ። በ1968 ኤስ የምትባለው በ370 የፈረስ ጉልበት፣ በኤሌክትሪክ መስኮት ወጣች። በዚያው ዓመት ዳላራ ኩባንያውን ለቆ ሄደ፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ፋብሪካ በአሜሪካው ኢንዲካር ውድድር ለሚሮጡት መኪኖች ሁሉ ሻንሲ ያቀርባል። ከዚያ በ1971 ኤስቪ መጣች፤ 385 የፈረስ ጉልበት፣ ሰፋፊ የኋላ ጎማዎች፣ የተስተካከለ የኋላ ሳስፔንሽን። ሽፋሽፍቶቹ ቀሩ። ከኤስቪ መካከል ደግሞ ኋላ ላይ የወጡት ያ ጥንተ ገበና ተፈታላቸው፤ የሞተሩና የካምቢዮው ዘይት በመጨረሻ ተለያየ። በ1973 ምርቱ ሲያበቃ ከ760 በላይ ሚዩራዎች ተሠርተው ነበር፤ ከእነዚህ 150 ያህሉ ኤስቪ ናቸው።

ስሌቱን አሁን አብረን እንሥራው። ዘይቱን ለመለየት ረጅም መኪና አላስፈለገም፤ መልኳም አልተነካም። ያስፈለገው ጊዜ ብቻ ነበር። አራት ወር የተሰጠው ሥራ አምስት ዓመት ፈጀ፣ የአምስቱን ዓመት ወጪ የሸፈኑት ደግሞ ሞተራቸው የተበላ፣ መሪያቸው የቀለለ፣ አንዳንዴም መኪናቸው የነደደባቸው ደንበኞች ናቸው። የጨረታ ቤቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። አንዲት ኤስቪ ስትቀርብ ዘይቷ የተለያየ ከሆነ መግለጫው ውስጥ ጎልቶ ይጻፋል፣ ዋጋውም ይዘላል። ካልተለያየ ስለ ቀለሟና ስለ ቆዳ መቀመጫዋ ብዙ ይነገራችኋል።

ስለዚህ ከውስጥ ሰው የምታገኙት ምክር ይህ ነው፤ ለሚዩራ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ሰፈር ለሚወጣ ውድ መኪና ሁሉ ይሠራል። ለግድግዳችሁ ፎቶ ከፈለጋችሁ የመጀመሪያዋን ምረጡ፤ ለጋራዣችሁ ከሆነ ግን የመጨረሻዋን ጠብቁ። ሻጩም ስለ መኪናዋ መልክ ሲያወራ ከቆየ፣ አቋርጡትና ስለ ዘይቷ ጠይቁት።