ከደመወዝ የሚቆረጠው የማን ገንዘብ ነው?

አሜሪካ የሚኖር ዘመዴ የደመወዝ ወረቀቱን እያሳየ «ይህ ለጡረታዬ ያስቀመጥኩት ገንዘቤ ነው» አለኝ። ሕግ የተማረ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ማለት ይከብደዋል።

በአሜሪካ ለ«ሶሻል ሴኩሪቲ» ከሠራተኛው ደመወዝ 6.2 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪውም ያንኑ ያህል ይጨምራል። በሕግ ዓይን ሁለቱም ግብር ናቸው። በሠራተኛው ስም የተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ የለም። የዛሬው ሠራተኛ የሚከፍለው በአብዛኛው ለዛሬው ጡረተኛ ይውላል።

ነገሩ በግልጽ የታየው በኤፍራም ኔስተር ጉዳይ ነው። ኔስተር ከቡልጋሪያ እ.ኤ.አ. በ1913 አሜሪካ የገባ ስደተኛ ሲሆን፣ እስከ 1955 ይህን ግብር ከፍሏል። በ1956 ግን «በ1930ዎቹ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነበርክ» ተብሎ ከአገር ተባረረ፤ በወር 55 ዶላር ከ60 ሳንቲም የነበረው አበሉም ተቋረጠ። ተከራከረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1960፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ፈረደበት። አበሉ እንደ ውል ወይም እንደ ንብረት የጸና መብት ስላልሆነ ኮንግረስ ሊያሻሽለው ይችላል ተባለ። ሕገ መንግሥቱ የሚከለክለው ፍጹም የዘፈቀደ የሆነውን ክልከላ ብቻ ነው።

ይህ የቆየ ታሪክ ብቻ አይደለም። በተወሰኑ ምክንያቶች ከአገር የሚባረር ሰው አበሉን የሚያጣበት ድንጋጌ ዛሬም በሕጉ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ለዘመዴ እንዲህ አልኩት፦ «አበልህን የሚጠብቅልህ ኮንግረስ ነው እንጂ የባንክ ደብተር አይደለም። ዜግነት ስታገኝ በምርጫ ቀን ቤትህ አትዋል።»