ከግጥሙ በፊት ስም

ቶጎጫሌ ላይ ወዲህ ኢትዮጵያ፣ ወዲያ ሶማሌላንድ ነው። «ቶግ» በሶማሊኛ በዝናብ ጊዜ ጎርፍ የሚወርድበት፣ በበጋ ደርቆ የሚከርም ወንዝ ማለት ነው። ገበያው ግን ድንበር አያውቅም፤ ብር፣ ሽልንግና ዶላር ጎን ለጎን ይመነዘራሉ። ቴሌሶም የተባለው የሶማሌላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2009 «ዛድ»ን ከጀመረ ወዲህ በዚያ በኩል በጆንያ ይጫን የነበረው ሽልንግ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በእኛም በኩል ሄሎካሽና ቴሌብር አሉ። ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሄደ ስልኩ ይመሰክራል።

በዚያው ስልክ የሚላከው ዘፈንስ? ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ ይገለበጣል፣ በቲክቶክ ይቆራረጣል፤ ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ የገጣሚው ስም የለም። የብሎክቼይን ሰዎች እንፈታዋለን ብለው የተነሡት ይህንን ነው።

ሐሳቡ ለዕቁብተኛ እንግዳ አይደለም። የዕቁብ ጸሐፊው ደብተር በአባላቱ ሁሉ እጅ ቅጂ ቢኖረው፣ እያንዳንዱም ገጽ ካለፈው ገጽ ጋር ቢቆላለፍ፣ አንዱ ለብቻው ሊሰርዝና ሊደልዝ አይችልም። ኤንኤፍቲ የሚባለው ደግሞ በዚህ ደብተር ላይ የሚመዘገብ ካርታ ነው፤ የቤት ሳይሆን የሥዕል ወይም የዜማ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ቢፕል በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ሠዓሊ አንድ ዲጂታል ሥራ በክሪስቲስ ጨረታ 69.3 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ፣ የጥበብ ሰው ቀን ወጣለት ተባለ። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 2022፣ ኦፕንሲ የተሰኘው በወቅቱ ትልቁ የኤንኤፍቲ ገበያ ራሱ አመነ፦ በነፃ መመዝገቢያው ከገቡት ሥራዎች ከ80 በመቶ በላይ የተሰረቁ፣ የሐሰት ወይም ቆሻሻ ነበሩ። ደብተሩ አይፋቅም፤ ግን ሌባው ቀድሞ ከተመዘገበ የማይፋቀው ስርቆቱ ነው።

የሶማሌ አርብቶ አደር ለዚሁ ችግር ጽሕፈት ሳይኖረው መላ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1964 ከአይ.ኤም. ሌዊስ ጋር ስለ ሶማሌ ግጥም መጽሐፍ ያሳተመው ትውልደ ፖላንዳዊው ምሁር አንድርዜየቭስኪ ሥርዓቱን ያልተጻፈ የቅጂ መብት ሕግ አድርጎ ገልጾታል። የሌላውን ግጥም የሚያሰማ ሰው አስቀድሞ የገጣሚውን ስም ይጠራል፤ ቃሉንም እንዳለ ያደርሳል እንጂ አያሻሽልም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ስንቱን ድንቅ ስንኝ «እንዲሉ» ብለን ባለቤት አልባ አድርገን እናልፋለን! እዚያ ግን ስም መዝለል ነውር ነበር።

ማጭበርበሩም በራሱ በግጥሙ ይያዛል። «ገበይ» በተባለው ረጅም ግጥም እያንዳንዱ የስንኝ ግማሽ በአንድ በተመረጠ ድምፅ የሚጀምር ቃል ሊኖረው ይገባል፤ ድምፁም እስከ መጨረሻው አይለወጥም። በአማርኛ ላስመስለው፦ «በረሃው ደረቀ፣ በጉ ውሃ አጣ»። «በጉ»ን አውጥታችሁ «ፍየሉ»ን ብታስገቡ ትርጉሙ ብዙም አይጎዳም፤ «በ» ግን ሸሸች፤ ጆሮ ያለው ሰሚ ወዲያው ያውቃል። የስንኙ ልኬትም እንዲሁ ቃሉን ይጠብቃል።

የሶማሌ ገጣሚዎች እንደ ብሎክቼይኑ ሁሉ የግጥም ሰንሰለትም ነበራቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የዓሊ ዱህ ግጥም የለኮሰው «ጉባ»፣ ቀማን ቡልሃንና ሰላን ዓረቤይን የመሰሉ ገጣሚዎች በግጥም የተመላለሱበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ገጣሚዎቹ ጋሪዬና ሐድራዊ በሶማሊያው መሪ በዚያድ ባሬ ዘመን ጎሰኝነትን የሚሞግተውን «ዴሌይ» ጀመሩ። «ዴል» የ«ድ» ፊደል ስም ነው፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ገጣሚዎች በዚያው ድምፅ እየመለሱ ቀጠሉት፤ ካሴትም ከከተማ ከተማ አዳረሰው።

ይህ ሥርዓት ግን እንከን አልባ አልነበረም። በቃል የሚይዙት ወንዶች «ቡራንቡር» የተባለውን የሴቶች ግጥም እንደ ገበይ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር፤ ብዙው ከነገጣሚዎቹ ስም ጠፋ። የቃልም ይሁን የኮምፒውተር ሰንሰለት የሚሸከመው ምስክሮቹ ሊሸከሙ የፈቀዱትን ብቻ ነው።

በ1980 ዓ.ም. የዚያድ ባሬ መንግሥትና የአማፂዎቹ ጦርነት የሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሐርጌሳ ሲደርስ የከተማዋ ሰው ወደ እኛ ተሰደደ፤ ከጅግጅጋ ብዙ የማይርቀው ሐርትሼክ በዓለም ከታወቁት ግዙፍ የስደተኛ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። የራዲዮ ሐርጌሳ የድምፅ ክሮች ከቦምብ እንዲተርፉ ከፊሉ መሬት ተቀበረ፣ ከፊሉ ወደ ጅቡቲና ኢትዮጵያ ተሻገረ። ዛሬ የሐርጌሳ ባህል ማዕከል ከ10 ሺህ በላይ ካሴቶች ይዟል። ከዚያ የተቀዱ ዘፈኖችን ያካተተው የኦስቲናቶ ሬከርድስ አልበም እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቶ ለግራሚ ታጭቷል። ዘፈኖቹን ያዳነው ሰው ነው፤ ቆፍሮ የቀበረ፣ ተሸክሞ የተሻገረ።

ሕግም አለን። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በ872/2007 የተሻሻለው፣ ሠሪው በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠራ መብት ይሰጠዋል። ዘፈኑ ወንዙን ሲሻገር ግን አዋጁ ወዲህ ይቀራል። ሥራዬን በክሪፕቶ ገንዘብ ልሽጥ ለሚል ወጣት ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ክፍያው ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል።

የቶጎጫሌ ገጣሚ ብሎክቼይንን ቢጠብቅ አይፈረድበትም፤ ክፍያን ለመቁጠር ይጠቅመው ይሆናል። ደብተሩ ግን የሚያውቀው የገዛውንና የሸጠውን ነው። የፈጠረውን የሚያውቅ አጠገቡ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ዘፈኑን ለጓደኛው ሲልክ ከፋይሉ በላይ አንድ መስመር «የእገሊት ነው» ብሎ የሚጽፍ ወጣት፣ ሳያውቀው አያቱ በእሳት ዳር ያደርጉት የነበረውን አደረገ፦ ከግጥሙ በፊት ስም።