የጭንቀት ሆርሞንና የአንጎል ፍሬን

በፊዚክስ አንድን ሥርዓት ስንመረምር የምንጠይቀው «ምን ያንቀሳቅሰዋል?» ብቻ ሳይሆን «ምን ያቆመዋል?» ጭምር ነው። የጭንቀት ሆርሞንም በዚሁ ጥያቄ ይብራራል።

አደጋ ሲያጋጥመን ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ፣ ፒቱታሪም ከኩላሊቶቻችን በላይ ላሉት አድሬናል ዕጢዎች መልእክት ያስተላልፋል፤ እነርሱም ኮርቲሶል ያመነጫሉ። ኮርቲሶል የደምን ስኳር ከፍ አድርጎ ለሰውነት ኃይል ያቀርባል፤ ከዚያም ወደ አንጎል ተመልሶ ያስነሣውን ትእዛዝ ራሱ ያስቆማል። ፍሬኑ ይህ ነው።

ብሩስ ማክዩዌንና ባልደረቦቹ በ1968 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ለማስታወስ ችሎታ ወሳኝ የሆነው ሂፖካምፐስ ይህን መሰሉን ሆርሞን አጥብቆ እንደሚይዝ አሳዩ። ሂፖካምፐስ ፍሬኑን ከሚይዙት የአንጎል ክፍሎች አንዱ ነው። ጭንቀት ለሳምንታት ሲዘልቅ ግን በአይጦች ላይ እንደታየው የነርቭ ሴሎቹ ቅርንጫፎች ያጥራሉ፤ ፍሬኑም ሊላላ ይችላል። መንስኤው ይህ ብቻ ባይሆንም፣ በጽኑ የድባቴ ሕመም ከተያዙ ሰዎች በብዙዎቹ ኮርቲሶል ከልክ በላይ ሆኖ ይገኛል።

ደግነቱ ጉዳቱ ሊጠገን ይችላል። በኩሺንግ በሽታ ምክንያት ኮርቲሶላቸው በዝቶ የነበረ ሕሙማን ሲታከሙ፣ ሂፖካምፐሳቸው መጠኑን በከፊል ሲመልስ ታይቷል። እንግዲህ ድባቴን የጽናት ማነስ አድርገን አንቍጠር። የላላ ፍሬን በተግሣጽ አይጠብቅም፤ ሐኪም ይሻል።