«አያመኝም» ያለችው ልጅ

የልጄ ልጅ ያኔ 9 ዓመቷ ነበር። ለፋሲካ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ መጥታ ስስማት ግራ ጉንጯ ከቀኙ ከፍ ብሎ አየሁት። «ያምሻል?» አልኳት። «ኧረ አያመኝም እማማ» አለች።

አለማመሙ አዘናጋን። አንዱ የጥርስ ነው፣ ሌላው ቡዳ ነው አለ። በጋለ ብረት ይተኮስ ያሉም ነበሩ፤ እሱን እንኳ እምቢ አልኩ። ጠበል ወሰድናት። ዓመት ሲሞላው እብጠቱ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ግራ ዓይኗም ወደ ላይ ተገፋ።

ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ባሕር ዳር ሄድን። ሲቲ ስካን ተነሣች፤ ናሙናም ተወሰደ። «ካንሰር ነው እንዴ ዶክተር?» አልኩ፤ ጉልበቴ ከዳኝ።

«አይደለም፣ እናቴ» አለኝ። «ሳይነስ የሚባለው በፊት አጥንት ውስጥ ያለ፣ አየር የሞላው ክፍተት ነው። እዚያ ውስጥ አጥንት የሚሠራ ዕጢ በቅሏል። ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይሠራጭም፤ ቦታ ሲጠበው ግን ዓይንን፣ አፍንጫንና ጥርስን ይገፋል።»

ዓይነቱ ብዙ ነው። ኦስቲዮማ የሚባለው ትንሽ ከሆነና ካላስቸገረ ክትትል ይበቃዋል። ፋይብረስ ዲስፕላዥያ ደግሞ ልጁ ሲጎረምስ እድገቱ ብዙ ጊዜ ስለሚቀንስ፣ እይታን ካልተጫነ ሐኪሞች ይታገሡታል፤ ወይም ያበጠውን ብቻ ይጠርቡታል። የእሷ ኦሲፋይንግ ፋይብሮማ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ካልወጣ ተመልሶ ያድጋል።

አባቷ «ፊቷን ሊቀዷት ነው» ብሎ አለቀሰ። ግን ፊቷ አልተነካም። በሙሉ ማደንዘዣ ተኝታ፣ በላይኛው ከንፈሯ ውስጥ ከድዷ በላይ ተከፍቶ ወጣላት። ቦታው ሲመች በአፍንጫ ቀዳዳ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ አስገብተው የሚያወጡበት መንገድም አለ።

ዛሬ ጠባሳ የላትም፤ ዓይኗም ወደ ቦታው ተመልሷል። ቢሆንም ዕጢው ሊመለስ ስለሚችል ለቀጠሮ እንወስዳታለን። «ድናለች» ብሎ መቅረት የለም።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያላችሁ ወላጆችና አያቶች፣ የልጃችሁ ፊት በአንድ ወገን ቀስ እያለ ካበጠና ከጠጠረ፣ አንድ አፍንጫው ብቻ ከተደፈነ፣ ዓይኑ ከወጣ ወይም ከቦታው ከተገፋ፣ እስኪያመው አትጠብቁ። አታስተኩሱት። ጠበሉንም ጠጡ፣ ሐኪም ቤትም ሂዱ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። እኔ አንድ ዓመት አባክኛለሁ፤ እናንተ አታባክኑ።